«ሁሉንም አጥፋ» ስንለው ምን ያጠፋል?

በቅርቡ አሮጌ ላፕቶፔን ለጎረቤቴ ልጅ ሸጥኩለት። ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው፤ አዲስ የመግዛት አቅም የለውም።

ከመስጠቴ በፊት የሚገባውን ሁሉ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። ሴቲንግ ገብቼ፣ ሪከቨሪ፣ ከዚያ ሪሴት፣ በመጨረሻም «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» የሚለውን ነካሁ። ሲሽከረከር ቆይቶ ገና ከካርቶን እንደወጣ ሆኖ ተከፈተ። አገር ምረጥ፣ ቋንቋ ምረጥ አለኝ። እኔም አምኜ አስረከብኩት።

ከሳምንት በኋላ ልጁ በሬን አንኳኳ። በስህተት የሰረዘውን ፋይል ለመመለስ አንድ ፕሮግራም አውርዶ ሲያስኬድ የኔ ፋይሎች ተግተልትለው ወጡ። «ጋሼ፣ የእርስዎ መሰሉኝ። አልከፈትኳቸውም» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

የሟች እናቴ መታወቂያ ኮፒ አለ። የቤት ኪራይ ውል አለ። ያስደነገጠኝ ግን አንድ የድምፅ ቅጂ ነው። ከቀያቸው የተፈናቀሉ አንዲት እናት «ስሜ እንዳይጠራ» ብለው የነገሩኝ ነው። በጽሑፌ ስማቸውን አልጠራሁም። የፋይሉ ስም ግን ሙሉ ስማቸው ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራው ሪሴት የቤቱን ቁጥር ከበሩ ላይ ይነቅላል እንጂ ቤቱን አያፈርስም። ኮምፒውተሩ ቦታውን «ባዶ ነው» ብሎ ይመዘግባል፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ግን የድሮው እዚያው ይቀመጣል። በተለይ እንደ እኔው ባለ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ፈልጎ ማውጣት ከባድ አይደለም።

መፍትሔውም እዚያው ነበር። በዊንዶውስ 10 እና 11 ሪሴቱን ከማስጀመራችሁ በፊት «ቼንጅ ሴቲንግስ» ውስጥ «ክሊን ዳታ» የሚል አለ። እሱን ስታበሩት ዲስኩ ላይ ደርቦ ይጽፍበታል። ሰዓታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ቻርጀሩን ሰኩ፣ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓትም ምረጡ። የምትፈልጉትን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ከዚያ በኋላ ጸጸት አይመልሰውም። እኔና ልጁም የሱን ፋይሎች ወደ ፍላሽ ገልብጠን በዚያው ማታ እንደገና አስጀመርነው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ መንግሥትና ባንኮች መረጃችንን እንዴት እንደሚይዙ ስንጠይቅ ከርመናል። መጠየቃችን ልክ ነው። ግን የሰው አደራ እኛም ጋ አለ። ያረጀ ስልክና ላፕቶፕ ስንሸጥ፣ ስናሠራ፣ ለዘመድ ስንሰጥ፣ የምናስተላልፈው የራሳችንን ምስጢር ብቻ አይደለም።

በማግስቱ ለእኚያ እናት ደውዬ የሆነውን ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «ልጁ ሰምቶታል?» አሉኝ።

«አልሰማውም» አልኳቸው። ይህን ያልኩት ልጁን አምኜ ነው። እሳቸው ግን ያመኑት እኔን ነበር።