ሆዴስ ቀነሰ

ሆዳም ነኝ። ይህን ለነፍስ አባቴ በየጾሙ መግቢያ ነግሬያቸዋለሁ፤ እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ስግደት ጨምረውልኝ አልፈውታል። የዛሬው ኑዛዜ ግን ከማዕድ ጋር ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ሆዴስ ቀነሰ፤ ጂንካ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ አይቶታል። ሆዳምነቱ ወዴት እንደሄደ ግን ከእኔ በቀር ያየ የለም።

ቁመቴ 1.70 ሜትር ነው፤ ሐኪም ዘንድ ስመዘን 94 ኪሎ ሆኜ ተገኘሁ። ሐኪሙ ኪሎዬን ለቁመቴ፣ የወጣውን እንደገና ለቁመቴ አካፍሎ 32.5 ብሎ ጻፈ። ከ25 ጀምሮ ክብደት በዛ እንደሚባል፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት እንደሆነ አስረዳኝ። ደም ግፊቴም ከፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሻዬን ያለ ስኳር ለመድኩ፣ የማታ እንጀራ ተውኩ፣ ጠዋት ጠዋት ሙዚየሙ ወዳለበት ኮረብታ በእግሬ መውጣት ጀመርኩ። ጾሙ ያከሳሃል የሚሉኝ ነበሩ። አያከሳም፤ ሁዳዴን 55 ቀን ሙሉ በፓስታ፣ በዳቦና ዘይት በጠገበ ሽሮ አሳልፌ፣ ለትንሣኤ ከገባሁበት ከብጄ የወጣሁበትን ዓመት አስታውሳለሁ።

ኪሎዬን የምለካው ቅዳሜ ገበያ ዳር ነው። የአሪ ሴቶች ኮረሪማና ቡና ከሚዘረጉበት ፈንጠር ብሎ አንድ ልጅ ሚዛን መሬት ላይ አስቀምጦ ለጥቂት ብር ሰው ይመዝናል። ገበያው ሳይሞቅ፣ ምንም ሳልቀምስ እሄዳለሁ። ጫማዬን አወልቃለሁ፣ ጃኬቴን አወልቃለሁ፣ ስልኬንና ቁልፌን ለልጁ አስይዘዋለሁ። "ጋሼ፣ ሱሪውም ይወልቅ?" ብሎኛል አንድ ቀን። ድግስ በበላሁበት ሳምንት በዚያ በኩል ዝር አልልም።

ቁጥሩ የሚገባው ባለ መስመር መዝገብ ላይ ነው፤ ባለሱቅ ዱቤ የሚጽፍበት ዓይነት። በግራ በኩል ኪሎ፣ በቀኝ በኩል አክሲዮን። ግራው እንዲወርድ፣ ቀኙ እንዲወጣ ነው የምፈልገው። መጻፍ ስለምወድ ከኋላ ባሉት ገጾች ስለ ራሴ እጽፋለሁ። እስካሁን ያነበበው ሰው የለም፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ቀን ሰው እንደሚያነበው አድርጌ ነው የምጽፈው፤ እዚያ ገጽ ላይ ያለው ሰውዬ ከእኔ ይልቅ ቆራጥ ነው።

ለሰው ባልዋሽ ለመዝገቡ እዋሻለሁ። ሐኪሙ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሄደው በአብዛኛው ውሃ ነው፣ ሰውነት ያከማቸው ስኳር ሲወጣ የያዘውን ውሃ ይዞ ይወጣል ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። እኔ ግን ያን ውሃ "ስብ" ብዬ መዘገብኩት። በቀኙም በኩል እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብር በገበያ ይመራ ተብሎ ሲለቀቅና ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ ቀድሞ የያዝኩት የባንክ አክሲዮን በመዝገቤ ላይ አንዲት ፊደል አልተነካችም። በብር የተጻፈው ቁጥር ያው ነዋ። የሚያስከፋኝን ለውጥ የሚያሳይ ሚዛን ላይ አልወጣም፤ ሆድም ቢሆን፣ ገንዘብም ቢሆን።

የሰዉ ነገር ደግሞ አለ። በእኛ አገር መወፈር ምርቃት ነው፤ "ተመችቶሃል" ይባላል። መክሳት ያስጠይቃል። እኔ በወጣትነቴ ያየሁት ዘመን ሰው ከከሳ "ያ በሽታ ይዞት ነው" ተብሎ የሚታማበት ነበር፤ ያ ሐሜት ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ "ልጄ፣ የደበቅከኝ ነገር ካለ ንገረኝ" ብላ አልቅሳለች። ሐኪሙ ያለኝን ስነግራት እንባዋን ጠርጋ ወጡ ውስጥ ቅቤ ጨመረች። በላሁት። መዝገቡ ላይ ግን አልገባም።

እስካሁን የነገርኩት ቀላሉ ነው።

ጥቅምት 2017 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም አሥር በመቶ ድርሻውን፣ ማለትም 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ በቴሌብር ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። አንዱ 300 ብር ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። ሽያጩ ሲዘጋ ከ47 ሺህ በላይ ሰው የገዛው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በመካከሉ ጥር 2 ቀን አዲስ አበባ ላይ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው ተከፈተ። በንጉሡ ዘመን ተጀምሮ በደርግ የቀረው የአክሲዮን ገበያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ተመለሰ ማለት ነው። ከአዲስ አበባ ርቄ፣ ነሪ ወንዝ አጠገብ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በስልኬ ባለድርሻ መሆን መቻሌ አሰከረኝ። ከዚያ በኋላ ብር ሁሉ በዓይኔ በ300 መካፈል ጀመረ። አንድ ምሳ ለሁለት ሰው ይህን ያህል አክሲዮን ነው፤ የሠርግ ስጦታ ይህን ያህል ነው።

አመጋገቤን ማስተካከሌ ለዚህ የሰጠኝን ሽፋን ልንገራችሁ። "ሐኪም ከልክሎኛል" የሚል ሰው አይበላም፤ የማይበላ ሰው አይጋብዝም፤ ስለማይጋብዝም ማንም አይታዘበውም። የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ሲወጡ ቀረሁ። ጥብስ ቤት ስንገባ ሒሳብ እከፍል የነበርኩት ሰው ውሃ ይዤ መቀመጥ ጀመርኩ። ራሱን ገዛ ብለው አደነቁኝ። የቆነቆነ ሰው በእኛ ዘንድ ይነወራል፤ የቆነቆነ ግን ኪሎ እየቀነሰ ያለ ሰው ይመሰገናል። ይህን ቀዳዳ ያገኘሁት ሳላስበው አልነበረም።

ሰፈራችን ለገና ቅርጫ ይገባል። በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ በመደብ በመደብ ይከፈላል፣ ዕጣ ይጣላል፤ በሕይወቴ መጀመሪያ ያወቅኩት አክሲዮን እሱ ነው። በዚያ ገና "እኔን ተዉኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል" አልኩ። እውነቱን ለመናገር ሐኪሙ ስብ ቀንስ አለ እንጂ ቅርጫ አትግባ አላለም። አንድ ሰው ሲወጣ የበሬው ዋጋ በቀሩት ላይ ተከፋፈለ። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ጎረቤቴ የደረሰባትን መክፈል ስላልቻለች ግማሽ መደብ ወሰደች። ብሩን ከፍዬ ሥጋውን ለእሷ መተው እችል ነበር። ይህ በኋላ የመጣልኝ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ አልናዘዝም ነበር። ያን ጊዜውኑ፣ የቅርጫው ሰብሳቢ በራፌ ላይ ቆሞ ሳለ ነው የመጣልኝ። አሰብኩት፣ አሰላሁት፣ ዝም አልኩ። ማታ ቴሌብር ከፈትኩ። የዚያ ሳምንት መዝገብ በሁለቱም በኩል ከሁሉ ያማረው ነው፦ ግራው ወርዷል፣ ቀኙ ወጥቷል።

ይህን ያስቆጠረኝ ካህን አይደለም፤ አንድ የቦዲ ልጅ ነው። ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ከሰላማጎ ወረዳ ነው፣ ከማጎ ፓርክ ማዶ ከሐና አካባቢ። የእሱ ሰዎች ራሳቸውን ሜኤን ይላሉ። በሰኔ ካኤል የሚባል በዓላቸው አለ፤ ከየጎሳው ያላገባ ወንድ ይመረጥና ለወራት ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ወተትና የከብት ደም እየጠጣ ይወፍራል። በበዓሉ ቀን እነዚያ ቦርጫሞች በሕዝብ ፊት ይዞራሉ፤ ከሁሉ የወፈረው ዕድሜ ልኩን ይከበራል። የሚሸለመው ገንዘብ የለም። በዓሉ ካለፈ በኋላ ቦርጩ በሳምንታት ውስጥ ይሟሽሻል፤ ስሙ ይቀራል።

ከ94 ወደ 81 መውረዴን እየፎከርኩ ስነግረው "ጋሼ፣ ከብትዎ አለቀ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እኔም አልተውኩትም፤ ስልኬን አውጥቼ አክሲዮኔን አሳየሁት። ከብቶቼ እነዚህ ናቸው አልኩት። ልጁ ኢኮኖሚክስ ነው የሚማረው፤ ስለ ትርፍ ድርሻ ከእኔ የተሻለ ያውቃል፤ ቁጥሩን አይቶ ጎሽ አለኝ። ከዚያ የአጎቱ ልጅ ለካኤል ስለ ወፈረበት ዓመት አወራኝ። የቤታቸው ወተት ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ጎጆ ይሄድ ነበር፤ የዘመድ ሁሉ ወተት እንዲሁ። "እሱ ሲወፍር እኛ ከሳን" አለና እንደገና ሳቀ። ሲናገር ግን በቦርጩ ውስጥ የራሱ ድርሻ እንዳለ ሰው ይኮራል። የእኔ መክሳትስ? ከጎረቤቴ ግማሽ መደብ ወስዶ ድርሻ የሰጠው ሰው የለም። እኔ ቦርጬን አላጠፋሁትም፤ ከቀበቶዬ በላይ አንስቼ ማንም የማያየው ስልክ ውስጥ አስቀመጥኩት።

የልጁን አገር እንደ ተረት እንዳላሳምረው ስኳሩም አለ። ጥር 17 ቀን 2003 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እዚሁ ጂንካ ላይ፣ በ13ኛው የአርብቶ አደሮች ቀን፣ በታችኛው ኦሞ ሰፊ የስኳር ልማት እንደሚጀመር ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ ከቦዲዎች ግጦሽ ከፊሉን ሸንኮራ ያዘው። ልጁ ወተቱ እንደ ድሮው አይደለም ይላል። እኔ ከሻዬ ያወጣሁትን ማንኪያ ስኳር እንደ ትልቅ መሥዋዕት በመዝገቤ ጽፌያለሁ፤ ስኳሩ የበቀለበትን መሬት የሰጡት ሰዎች ግን የጽሑፎቼ አንድ ገጽ ውስጥ እንኳ አልገቡም። መዝገቡ ስለ እኔ ነዋ።

ባለፈው ሳምንት ልጁ መጥቶ "ጋሼ፣ በሰኔ አብረን እንውረድ፤ እኛ ቤት ያርፋሉ" አለኝ። ደስ አለኝ፤ ከልቤ ደስ አለኝ። ቀድሞ ከአፌ የወጣው ግን እስከ ሐና መኪና ስንት ያስከፍላል የሚለው ነበር። ነገረኝ። ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ በልቤ በ300 አካፈልኩት።