በእናቷ ፓስፖርት

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት፣ ቦሌ ኤርፖርት። የ67 ዓመቷ እናት ሁለት ሻንጣ ሚዛን ላይ አስጭነው ቆመዋል። አንደኛው የልብስ ነው። ሁለተኛው የአራስ ስንቅ ነው፤ የገንፎ ዱቄት፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ። ቶሮንቶ ያለችው ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሁለት ሳምንት አካባቢ ቀርቷታል። እሳቸውም ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። ለወራት የተጠበቀው የካናዳ ቪዛ ፓስፖርታቸው ላይ ተለጥፏል።

የቼክኢን ሠራተኛዋ ፓስፖርቱን አገላብጣ አየችና፣ ኮምፒውተሯ ላይ ጥቂት ጻፈችና ቀና አለች።

«እማማ፣ የአሜሪካ ቪዛዎስ?»

«እኔ አሜሪካ አልሄድም ልጄ። ካናዳ ነው የምሄደው።»

«ዋሽንግተን ላይ አውሮፕላን ይቀይራሉ። ለዚያም ቪዛ ያስፈልጋል።»

እናት ያልገባቸው ሲመስላቸው ስልካቸውን አውጥተው ለልጃቸው ደወሉ። ቶሮንቶ ላይ ገና ቀን ነው። ልጅቷ እንደሰማች ደሟ ፈላ። «ሠራተኛዋን አገናኚኝ» አለች።

«ይኼ ስሕተት ነው! እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት በዋሽንግተን አልፌ ነው አዲስ አበባ የመጣሁት። ማንም ቪዛ አልጠየቀኝም።»

ሠራተኛዋ አልተቆጣችም። «እርስዎ የሄዱት በየትኛው ፓስፖርት ነበር?» ብላ ብቻ ጠየቀቻት።

ከወዲያኛው ጫፍ መልስ አልመጣም።

ልጅቷ የካናዳ ዜግነት ከወሰደች ሁለት ዓመቷ ነው። የካናዳ ዜጋ በአሜሪካ ለማለፍ ቪዛ አያስፈልገውም። ከዚያ በፊት ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትኖር የካናዳ ቋሚ ነዋሪ ነበረች። ያኔ ቶሮንቶ ውስጥ ቤትና ሥራ ይዛ እንኳን ወደ አሜሪካ ለመሻገር ቪዛ ያስፈልጋት ነበር። የአክስቷ ልጅ ዋሽንግተን ላይ ሲያገባ ያልሄደችው በዚህ ምክንያት ነው። ሠርጉን በስልክ ነው ያየችው፤ ያን ቀን አልቅሳለች።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። ለካ የተወጋም ይረሳል፤ ቁስሉ ከዳነለት። ለእናቷ ትኬት ስትቆርጥ በቀጥታ ቶሮንቶ ከሚገባው በረራ በዋሽንግተን በኩል ያለው 300 ዶላር ይረክስ ነበር። ድረ ገጹ ስምና የልደት ቀን ጠየቀ፣ ገንዘቡን ወሰደ፣ «መልካም ጉዞ» አለ። እሷም ለራሷ እንደምትገዛው ገዛች። የእናቷን ትኬት በራሷ ፓስፖርት ቆረጠችው ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው ትራንዚትን የሚያስበው እንደ አውቶቡስ መናኸሪያ ነው፤ ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ መውጣት። አሜሪካ ግን እንደዚያ አታየውም። ከውጭ አገር አርፎ ወደ ሌላ አገር የሚቀጥል መንገደኛ፣ ቆይታው ሁለት ሰዓት ቢሆንም፣ ኢሚግሬሽን ፊት ይቀርባል። በአብዛኛው ሻንጣውንም ተቀብሎ በጉምሩክ ካሳለፈ በኋላ እንደገና ያስረክባል። ስለዚህ ማለፍም መግባት ነው። ድሮ ያለ ቪዛ ማለፍ የሚፈቅድ አሠራር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 በጸጥታ ስጋት ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ሌላ የአሜሪካ ቪዛ ከሌለው ሲ-1 የሚባለውን የትራንዚት ቪዛ ማውጣት አለበት። የማመልከቻ ክፍያው 185 ዶላር ነው፤ ቀጠሮና ቃለ መጠይቅም አለው። ልጅቷ ካተረፈችው 300 ዶላር ከግማሽ በላይ የሆነው እዚያው ያልቅ ነበር፤ ያውም ቀጠሮው ከወሊዱ በፊት ከተገኘ።

አውሮፓ ሌላ ሕግ አለው። የሸንገን አገሮች፣ ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ለማለፍም ቪዛ የሚጠይቋቸውን የ12 አገሮች ዜጎች በጋራ ዘርዝረዋል። ኢትዮጵያ እዚያ ውስጥ አለች፤ ኤርትራና ሶማሊያም አሉ። ነገር ግን የጸና የካናዳ፣ የአሜሪካ ወይም የጃፓን ቪዛ ያለው ሰው ከዚህ ግዴታ ነፃ ነው። የሚያስቆጨውም ይኼ ነው። እኚሁ እናት፣ በዚያው ፓስፖርትና በዚያው የካናዳ ቪዛ፣ በፍራንክፈርት በኩል ቢሆን ኖሮ ያለ ተጨማሪ ቪዛ ያልፉ ነበር። ዋሽንግተን ላይ የማይሠራው ወረቀት ፍራንክፈርት ላይ ይሠራል።

እንዲህም ሆኖ ቁጣው የወረደው ቆጣሪው ጀርባ በቆመችው ልጅ ላይ ነበር። ሊሸኙ የመጡት የእህት ልጅ «ቢያሳልፏቸው ምን አለበት? እዚያ ሲደርሱ ይነጋገራሉ» እያለ ይለማመጥ ነበር። እዚያ ሲደርሱ መነጋገር የሚባል ነገር ግን የለም። ሰነድ ያልተሟላለትን መንገደኛ ጭኖ የሄደ አየር መንገድ ይቀጣል፤ መንገደኛውንም ይዞ እንዲመለስ ይገደዳል። አውሮፓ ኅብረት በ2001 ባወጣው መመሪያ ቅጣቱ ለአንድ መንገደኛ በሺዎች የሚቆጠር ዩሮ እንዲሆን ደንግጓል። ስለዚህ ሠራተኞቹ ቲማቲክ የሚባለውን የአየር መንገዶች የሰነድ መረጃ ከፍተው የፓስፖርቱን አገር፣ የሚታለፍበትንና የሚደረስበትን አገር ያያሉ። የዋሽንግተን በር ዋሽንግተን አይደለም ያለው። ቦሌ ላይ፣ ከሻንጣው ሚዛን አጠገብ ነው።

እውነተኛው ጥያቄ ሌላ ነው። ሠራተኛዋ በደቂቃ ያወቀችውን ነገር ትኬቱ ሲሸጥ ማንም ለምን አልተናገረም? የሻጩ ውል ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ «የጉዞ ሰነድ ማሟላት የመንገደኛው ኃላፊነት ነው» የሚል አንድ መስመር አለ። ገንዘቡም የማይመለሰው በዚያች መስመር ነው። አየር መንገዱ ቅጣት ስላለበት ይጠነቀቃል። ሻጩ ቅጣት ስለሌለበት ይሸጣል።

እናት ከነሻንጣቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ልጅቷ ስታለቅስ «ተይ እንጂ፣ ምን አጠፋሽ? ለእኔ ብለሽ ነው። በእንባሽ ልጁን እንዳትጎጂው» አሏት። ተጨማሪ ገንዘብ ተፈልጎ በቀጥታ የሚገባው በረራ ላይ ቦታ የተገኘው ከ11 ቀን በኋላ ነበር።

ሕፃኗ ግን በዘጠነኛው ቀን ተወለደች። ገንፎውን ያገነፉት የሠፈር ሐበሾች ናቸው። አያትየው አዲስ አበባ ሳሎናቸው ውስጥ ቆመው፣ በቪዲዮ ስልክ፣ ሦስት ጊዜ እልል አሉ። ኔትወርኩ ሦስተኛውን ቆረጠው።

ለሌላ ሰው ትኬት የምትቆርጡ ሁሉ ልብ በሉ። «መድረሻው አገር ቪዛ አለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። በየማረፊያው፣ በዚያ ሰው ፓስፖርት፣ ምን እንደሚጠየቅ ማጣራት ያስፈልጋል፤ ከሻጩ ሳይሆን ከአየር መንገዱና ከኤምባሲው ድረ ገጽ። ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሁለት ከሆነ ሻንጣ ለመቀበል መውጣት ይመጣል፤ መውጣት ደግሞ የመግቢያ ቪዛ ነው። ጉዞው በሁለት የሸንገን ከተሞች ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ በመካከላቸው ያለው በረራ እንደ አገር ውስጥ ስለሚቆጠር የትራንዚት ነፃነቱ አይሠራም። አሜሪካ ለመሄድ በካናዳ የሚያልፍ ኢትዮጵያዊም የአሜሪካ ቪዛው ብቻ አያሳልፈውም፤ የካናዳ የትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። እሱ በነፃ ነው፤ ግን አስቀድሞ መጠየቅ አለበት።

እናት አሁን ቶሮንቶ ናቸው። ክርስትናው በሰማንያ ቀን ነው፤ ለእሱ ደርሰዋል። ባለፈው ሳምንት የሕፃኗ ፓስፖርት በፖስታ መጣ። የካናዳ ነው፤ ፎቶው ላይ ዓይኗ በቅጡ አልተገለጠም። አያትየው መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩት።

«እሷስ በዋሽንግተን ታልፋለች?» አሉ።

«ታልፋለች፣ እማዬ።»

«ተመስገን» አሉና ፓስፖርቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው መለሱላት።

ልጅቷ ከእንግዲህ ለማንም ትኬት ስትቆርጥ ዋጋውን የምታየው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የምትጠይቀው ያች ሠራተኛ የጠየቀቻትን ነው፦ በየትኛው ፓስፖርት?

ለመንገደኛ ሁሉ መንገዱን ያቅናለት።