ባቡር በሌለበት አገር የተሳፈርንበት ባቡር



ከአዲስ አበባ ተነስተን የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን ደብረ ማርቆስ የገባነው ጥር 2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልጆች በዓመቱ አጋማሽ የትምህርት ዕረፍት ላይ ነበሩ። የጉዟችን ምክንያት ቡሬ ከተማ ላይ የተደገሰ የዘመድ ኒካሕ ነው። አብረውን ሁለት ልጆቻችንና ከባሕር ማዶ ለዕረፍት የመጣው አጎታቸው ነበሩ። የአሥር ዓመቱ ልጃችን ከመርካቶ የተገዛለትን በባትሪ የሚሄድ የፕላስቲክ ባቡር ከደረቱ አላላቀቀውም። ያ ባቡር ኋላ የጉዟችን ዋና ጉዳይ ይሆናል ብለን ግን አላሰብንም ነበር።

ከደብረ ማርቆስ መኪና ቀይረን ስንሳፈር ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ሰላም የሚሄድ! ሰላም የፈለገ ይግባ!» እያለ ይጣራል። ልጃችን ግራ ገብቶት፣ «ሰላም የሚባል አገር አለ እንዴ?» አለን። ረዳቱ ፍኖተ ሰላምን ማሳጠሩ ነበር። ሒሳብ መሰብሰብ ሲጀምር ደግሞ ኪሱን እየዳበሰ የዘገየውን አንድ መንገደኛ፣ «ወንድሜ፣ ሰላም በነጻ አይገኝም፤ ሒሳብ!» አለው። መኪናው በሳቅ ተሞላ። ሾፌሩም ሊበለጥ አልፈለገምና፣ «እኛ አገር ብር እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው፤ ኪሳችን ግን አይረጥብም» ሲል ጨመረ። ብር የአካባቢው ወንዝ ስም ነው። ሰፊው የብር ሸለቆ እርሻም ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ነው።

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። በ1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በዚህ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሲያልፉ የዛሬ ስሟን እንዳገኘች ይነገራል። ትርጉሙም የሰላም መንገድ ማለት ነው።

ጤፍ ተሳፍሮ ዱቄት ወረደ

ያን ዕለት ያደርነው ፍኖተ ሰላም አክስታችን ቤት ነው። ጠዋት ከፈጅር ሶላት በኋላ ትንሽ አረፍ ብለን ስንነሳ አክስታችን የሉም። የጎረቤት ልጅ፣ «እትዬ ባቡር ሄደዋል» አለችን። ልጃችን ከአልጋው ዘሎ ወረደ። «ባቡር አለ? ለምን በመኪና መጣን ታዲያ?»

አክስታችን ሻሻቸው ዱቄት ለብሶ ሲመለሱ ልጁ ደጅ ላይ ጠበቃቸው።

«አክስቴ፣ በባቡሩ ከየት ተሳፍረው መጡ?»

«እኔማ መች ተሳፈርኩ ልጄ! የተሳፈረው እህሌ ነው። ጤፍ ሆኖ ተሳፈረ፣ ዱቄት ሆኖ ወረደ።»

አንባቢያን እንደሚያውቁት በብዙው የአገራችን ገጠር «ባቡር» ማለት የእህል ወፍጮ ነው። ቃሉ መነሻው እንፋሎት የሚል ትርጉም ያለው የአውሮፓውያን ቃል ሲሆን፣ ዐረቦችም «ባቡር»፣ «ዋቡር» እያሉ ለመርከቡም፣ ለምድጃውም፣ ለወፍጮውም ተጠቅመውበታል። በእኛም አገር በሐዲድ ላይ የሚሄደው «ምድር ባቡር»፣ አውሮፕላኑ ደግሞ «የሰማይ ባቡር» ሲባል ቆይቷል። እውነተኛው ምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ መስመር ሲመረቅም መንገዱ ያው የምሥራቁ ነበር። ወደ ጎጃም ግን ሐዲዱ አንድም ጊዜ ዓባይን አልተሻገረም። ስሙ ብቻ ተሻግሮ ወፍጮ ቤት ገባና ቱክ ቱክ ይል ጀመር።

የሽቦ፣ የቆርቆሮና የጭቃ ባቡር

በማግሥቱ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ አቀናን። ማንኩሳ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ የሚጀምርባት መንደር ናት። በግራና በቀኝ የተሰበሰበው የበቆሎ አገዳ ተቆልሎ፣ በየደጁ የተሰጣው ቀይ በርበሬ ከሩቅ ዓይን ይስባል።

ቡሬ ስንደርስ ሴቶቹ ለድግሱ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ወንዶቹ ዳስ ይጥላሉ። ልጆች ደግሞ ከዳሱ ጀርባ የራሳቸውን ሥራ ይዘዋል። የሙስሊሙም የክርስቲያኑም ጎረቤት ልጆች ስድስት ሆነው ባቡር ይሠራሉ። ፉርጎዎቹ ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮዎች ናቸው፤ እርስ በርስ በሽቦ ተቆላልፈዋል። ጎማቸው የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። ሐዲዱ የተሰነጠቀ የበቆሎ አገዳ ሲሆን፣ ከፊት ሞተር በሚቆምበት ቦታ ቀንዶቹ የተቀሰሩ የጭቃ በሬ ቆሟል።

አጎትየው ጎንበስ ብሎ፣ «ይህን ባቡር የሚስበው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ቡሬ ነዋ!» አሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ።

ሳቃቸውን ያየ ነገሩ እንዳለው ያውቃል። ቡሬ የከተማዋ ስም ነው፤ ዝንጉርጉር በሬም በገበሬው ዘንድ ቡሬ ይባላል። ባቡሩን በሬው ይጎትተዋል፤ መንገደኛውን ደግሞ ከተማዋ ትስበዋለች። የጎጃም ምድር ዋሸራን በመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች የታወቀች ናት። አንዱን ቃል ለሁለት ማሠራት፣ በሰሙ ውስጥ ወርቁን መደበቅ፣ እዚያ ከቤተ ክህነት ወጥቶ የሕፃናት መጫወቻ እስከ መሆን ደርሷል።

የእኛ ልጅ ግን አልሳቀም። የፕላስቲክ ባቡሩን መሬት ላይ አስቀምጦ እያስኬደ፣ «የእናንተ እኮ ባቡር አይደለም፤ ቆርቆሮ ነው» አላቸው። ደነገጥን፤ አፈርንም። ከልጆቹ አንዱ ግን ምንም ሳይቆጣ፣ «ልክ ነህ፣ መጀመሪያ የተሳፈሩበት ዓሦች ናቸው፤ ሳይወርዱ ተበሉ» አለና የሰርዲኑን ክዳን ከፍቶ አሳየው። የእኛው ልጅ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ታገለው። «ሐዲዳችሁም አገዳ ነው» ሲል ሌላ ጉድለት ፈለገ። «ሐዲድ ባይኖረን 'ሂድ' አለን፤ ሂድ ስንለው ይሄዳል!» አለው ያው ልጅ። ጥቂት ቆይቶ የመርካቶው ባቡር ባትሪው አለቀና ቀጥ አለ። ማንም አላሾፈበትም። «ናና ሂድ በለው» ብለው ከሽቦው ጫፍ አንዱን አስያዙት።

ሐዲድ በዐረብኛ ብረት ማለት መሆኑን፣ የቁርኣን 57ኛው ሱራም በዚህ ስም እንደሚጠራ የሚያውቁት የሙሽራው አያት ከጥላው ሥር ሆነው፣ «ብረቱን ያላገኘ በቃሉ ይነጠፍለት» ብለው ፈገግ አሉ።

በባሕር ማዶም እንዲሁ ይጫወታሉ

ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ቡና ሲፈላ አጎትየው አንድ ነገር አጫወተን። በሚኖርበት አገር የሽበት ባለቤት የሆኑ ሰዎች በምድር ቤታቸው ትንንሽ ባቡር ሲሠሩ ያመሻሉ። በእጅጉ የተለመደው ልክ ከእውነተኛው በ87 እጥፍ የሚያንሰው ነው። 20 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል ማለት ነው። ተራራውን፣ ድልድዩን፣ ጣቢያውን ሁሉ በዚያው ልክ ይሠራሉ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ቀልዳቸው ግን ከእነ «ቡሬ» ጋር አንድ ነው።

ጆን አለን የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ በካሊፎርኒያ፣ ሞንቴሬይ ከተማ ውስጥ በሠራው ትንሽ ባቡር በዓለም ዝነኛ ነበር። ለመስመሩ ያወጣለት ስም በጽሑፍ ሲታይ የሁለት ከተሞች ስም ይመስላል። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ግን «ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ» ይላል፤ በደም የተነከረና ድል የተመታ እንደ ማለት ነው። በዚያ መስመር ላይ ፉርጎ የሚገፋ አንድ ዳይኖሰርም ነበረው፤ ስሟንም ኤማ ብሏታል። ይህን ሲሰሙ ልጆቹ፣ «የኛ ቡሬ ዘመድ አገኘ!» ብለው ተንጫጩ። ጆን አለን እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ሲሞት፣ ከቀናት በኋላ ቤቱ ውስጥ የነበረው ያ ሁሉ ሥራ በእሳት ጠፋ። ስሙና ቀልዱ ግን እስከ ዛሬ በባለሙያዎቹ አፍ ላይ አሉ።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ1946 የትንንሽ ባቡር ክበብ መሥርተው ነበር። በጨዋታቸው መካከል የራሳቸው ቋንቋ ተፈጠረና በ1959 መዝገበ ቃላት እስከ ማዘጋጀት ደረሱ። ዛሬ ወጣቶቻችን ከኮምፒዩተር ጋር የሚያውቁት «ሃከር» የሚለው ቃል ይህን ትርጉሙን ማግኘት የጀመረው በእነዚያ ልጆች ሠፈር ነው። ጨዋታ ነው ብለን የምንንቀው ነገር ስንት ቦታ እንደሚደርስ ልብ ይሏል!

የመጨረሻው ፉርጎ

ይሁን እንጂ ያ ምሽት ያለ እንከን አላለፈም። ከልጆቹ መካከል አንድ እግሩን የሚያነክስ ነበር። ወደ ቡናው ሲጠሩ ሁሉም ሮጠው ሲገቡ እሱ ወደ ኋላ ቀረ። ያው ነገር አዋቂው ልጅ፣ «የኋላው ፉርጎ ደረሰ!» አለ። ጥቂቶች ሳቁ። አነከሰ የተባለው ልጅ ግን እደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ፤ አልገባም።

አያትየው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። አልተቆጡም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይቀልዱ እንደ ነበር፣ ግን ከእውነት በቀር እንደማይናገሩ ነገሩን። አንድ ሰው የሚሳፈርበት እንስሳ ቢጠይቃቸው በግመል ልጅ ላይ እንደሚያሳፍሩት ነገሩት፤ ሰውዬው ገና ግልገል መስሎት ሲጨነቅ፣ ግመል ሁሉ የግመል ልጅ መሆኑን አስታወሱት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት ነው። «እዩ፣» አሉ አያትየው፣ «ሰውዬው ግራ ተጋባ፤ መጨረሻ ላይ ግን ግመሉንም ሳቁንም አገኘ። በቀልዱ ምንም የጎደለበት የለም። አሁን በዚህኛው ቀልድ ማን ምን አተረፈ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። ያን ጊዜ አጎትየው፣ «በድሮ ባቡር የመጨረሻው ፉርጎ ላይ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፍሬን የሚይዘው ሰው ነው። እሱ ከሌለ ቁልቁለቱ ላይ ሁሉም ያልቃል» አለ። ነገር አዋቂው ልጅ ተነሳ፤ ወደ ደጁ ሄዶ፣ «ና፣ ፍሬን ያዝልን» አለው። በማግሥቱ ባቡሩ ሲነዳ ኋላ ሆኖ ፊሽካ የሚነፋው፣ «ቁም!» ሲል ሁሉንም የሚያቆመው እሱ ነበር።

ከሙሽራው ወንድሞች አንዱ አስተማሪ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ዓመት የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ከታሰቡት የባቡር መስመሮች አንዱ ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ በባሕር ዳር፣ በወረታና በወልድያ በኩል ወደ ሰመራና ጋላፊ የሚዘልቅ እንደነበር አስታወሰን። አልተሠራም። «ቅር ይላችኋል?» አልነው። «መስመሩማ ተሰምሯል፤ ወረቀት ላይ ነው እንጂ» አለና ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ቁጭት ነበር፤ ምሬት ግን አልነበረም። እኛም ከጉዟችን የተማርነው ይህንኑ ነው። የቡሬ ልጆች የሌላቸውን ባቡር በሽቦና በቃል ሠሩት፤ ስለሌላቸውም ማንንም አልረገሙም፤ ጉድለታቸውን የሚሸከምላቸው ጨዋታ አገኙ። እንዲህ ያለው ጨዋታ ሰው ላይ ካልተጫነ በስተቀር አይከብድም።

ስንለያይ ልጃችን የፕላስቲክ ባቡሩን ትቶላቸው መጣ። እነሱም አንድ የሰርዲን ፉርጎ ሰጡት፤ ዛሬም ከመጻሕፍት መደርደሪያችን ላይ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት ያ መንገድ እንደ ልብ የማይኬድበት ጊዜ በዛ። እኛም ከዚያ ወዲህ አልሄድንም። ስልክ ሲገኝ ወደ አክስታችን እንደውላለን። አንድ ቀን፣ አሁን ጎረምሳ የሆነው ልጃችን ስልኩን ነጥቆ፣ «አክስቴ፣ ባቡሩስ?» አላቸው። «እህል ካለ ባቡር አይጠፋም፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» አሉት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እናንተ ብቻ ዱዓ አድርጉ፤ ስማችንን እንድንመስል» አሉ።

የከተማቸው ስም የሰላም መንገድ ነው። ያኔ ረዳቱ ሰላም በነጻ አይገኝም ሲል ሁላችንም ስቀን ነበር። ዛሬ ያን ቃል ስናስታውሰው ሰሙን ትተን ወርቁን እንይዛለን። ያ ረዳት እንደገና በሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ሰላም የሚሄድ!» ሲል የምንሰማበትን ቀን አላህ ያቅርብልን። ያን ቀን ኢንሻአላህ ሒሳባችንን ቀድመን እንከፍላለን።