ሁለት እድር የሚከፍሉ ሰዎች

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋም። ድሮ ሰፈር ጥሩምባ ነፊው ገና ጎህ ሳይቀድ በየጉራንጉሩ እየዞረ የሟቹን ስም ይጠራ ነበር። አሁን የብሎኩ ቴሌግራም ላይ መልእክት ይገባል። ያነበበ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወርዳል፤ ስልኩን ዘግቶ ያደረ ደግሞ ጠዋት መኪና ማቆሚያው ላይ ድንኳን ተተክሎ ሲያይ ይደነግጣል።

ይህን ያነሳሁት ሰሞኑን ስለ ለውጥ የሚሰብኩ ቪዲዮዎች ስለበዙብኝ ነው። «ያለፈውን ልቀቅ፣ አዲሱን ተቀበል» ይላሉ። (ተናጋሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ናቸው።) ለውጥን ማን ያውቅበታል ብትሉኝ እኔ የምጠቁማችሁ ከመሀል ከተማ ቀበሌ ቤት ተነስተው ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ የገቡትን እናቶች ነው። እነሱ ደግሞ ያለፈውን ጨርሶ አልለቀቁም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። በ1997 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ ዓመታት ቆጥቦና ጠብቆ እጣ የወጣለት ሰው ቁልፉን ሲቀበል እልል ብሏል። በ2016 ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ እቃውን ጭኖ የወጣውን ግን ማንም «ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ አልጠየቀውም። ሁለቱ አንድ ደረጃ ይወጡ ይሆናል እንጂ አንድ ኑሮ አይጀምሩም። ለሁለተኛው ሰው «ለውጥን በጸጋ ተቀበል» ማለት ምክር አይመስለኝም።

ምክንያቱም ከሰፈር ጋር የሚሄደው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም። ደጃፏ ላይ እንጀራ የምትሸጥ ወይም ጉልት የምትቸረችር ሴት አራተኛ ፎቅ ላይ ደጃፍ የላትም። ባለሱቁ አያውቃትም፤ ስለዚህ ዱቤ የለም። ወር እስኪደርስ ዘይትና ስኳር በደብተር የሚወስድ ቤተሰብ ዱቤው ሲቋረጥ ገቢው የተቀነሰ ያህል ነው። እምነቱን እንደ ቁም ሳጥን ጭነሽ አትሄጂም፤ እንደገና ከዜሮ ነው የሚገነባው። የቀበሌ ኪራይ በጥቂት ብር ይከፍል የነበረ ሰው ደግሞ የባንክ ወርሃዊ ክፍያ አለበት። እነዚህን ሳይቆጥሩ «ሰዉ አዲስ ሕይወት አልለምድ አለ» የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ሆኖም ሰዉ ይለምዳል። እንዴት እንደሚለምድ ማየት ለሚፈልግ እድርን የመሰለ ነገር የለም። እድርን ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ጥንታዊ ነገር አድርገን ነው የምናየው። ግን የከተማ ልጅ ነው። ባለፈው ክፍለ ዘመን ከየገጠሩ አዲስ አበባ የገቡ፣ ዘመድ አጠገባቸው የሌለ ሰዎች «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ለሚለው ጥያቄ ያበጁት መልስ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ተስፋፋ። ዛሬ የምናለቅስለት የቀበሌ ቤትም ቢሆን በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ የመጣ ነው። ያኔም ቤቱ የተወሰደበት አልቅሷል፣ የገባበት ደስ ብሎታል።

ኮንዶሚኒየሙን ያቀዱት ሰዎችም ኑሯችንን አልረሱም ነበር። ለእርድ፣ ለድግስ፣ ለለቅሶ ይሁን ብለው የጋራ መገልገያ ቤት፣ «ኮሙናል» የምንለውን፣ በየሳይቱ ሠርተዋል። እኔ ካየኋቸው አንዳንዶቹ ሱቅና መጋዘን ሆነው ቀርተዋል። አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋም ያዛል። የእኛ ማኅበር ስብሰባ ሲጠራ ኮረም አይሞላም፤ እድሩ ሲጠራ ወንበር ይጠፋል። ውሃ በፈረቃ ሲሆን በጄሪካን ለአሮጊቷ ጎረቤት ፎቅ የሚያወጡት ልጆችም የተገኙት ከእድሩ እንጂ ከማኅበሩ አይደለም። ሊፍት በሌለው ሕንፃ፣ በዚያ ጠባብ ደረጃ፣ አስከሬን እንዴት እንደሚወርድ ሕግ አላሰበበትም። የእድሩ ጎልማሶች ግን ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንደሚይዝ ያውቃሉ።

ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ዘመዶቼም እድር አላቸው። እዚያ ከባዱ ወጪ አስከሬን አገር ቤት መላክ ነውና መዋጮው የሚታሰበው በዚያ ልክ ነው። ለቅሶውም ሥራ ስለማይቀር ቅዳሜና እሁድን ይጠብቃል። መልኩ ሌላ ነው፣ ጥያቄው ግን ያው ነው።

እማዬ ሁለት እድር ትከፍላለች፤ አንዱ የድሮው ሰፈር፣ አንዱ የሳይቱ። ወንድሜ ብክነት ነው ይላታል። ስሌቱ የጠፋት እንዳይመስላችሁ፣ እሷም ታውቀዋለች። ከድሮው ብትወጣ የዓመታት መዋጮዋ ይቀራል፤ አዲሱ ደግሞ ሲገቡበት ለድንኳኑና ለድስቱ ድርሻ መመዝገቢያ ያስከፍላል። መልሷ ግን ሌላ ነው። «የድሮዎቹ ያውቁኛል፤ ያለቅሱልኛል። እነዚህ ደግሞ ሌሊት ብጮኽ ይደርሱልኛል» ትለዋለች።

እኔ በበኩሌ ለለውጥ ከዚህ የተሻለ ስልት አላየሁም። አዲሱ ክብደት መሸከም እስኪችል አሮጌውን አለመቁረጥ፤ አሮጌው አለ ብሎም የአዲሱን ጎረቤት በር ሳያንኳኩ አለመቀመጥ። ድርብ ወጪ ነው፣ ድርብ ድካም ነው፣ እሁድ ሁለት ስብሰባ ነው። አቅም የሌለው አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚተወውም የድሮውን ነው፤ የታክሲው ብቻ ከመዋጮው ይበልጣልና። የተበተኑ አባላት ያሏቸው እድሮች መዋጮውን በቴሌብር መሰብሰብ መጀመራቸው ለዚህ ትንሽ ረድቷል።

የሳይቱ እድር ዘንድሮ እማዬን የዕቃ ክፍል ኃላፊ አድርጎ መርጧታል። ድስት የሰበረ ይተካል፣ ወንበር የሚዋስ ይፈርማል። ወንድሜም ለልጁ ክርስትና ወንበር ሲፈልግ እንደማንኛውም ሰው ፈርሞ ወስዷል።