ለጮቄ መንገድ ማን ይጠየቅ?

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ መንገደኛ ሉማሜን አልፎ አምበር ሲደርስ ወደ ሰሜን ቢመለከት፣ ደመና ካልሸፈነው፣ ጮቄን ያየዋል። ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ከሩቅ የሚታይ ሰማያዊ ተራራ ነው። ለአካባቢው ገበሬ ግን የውሃው ምንጭ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ ከዚያ ተነስተው የምሥራቅ ጎጃምን ሜዳ እያቋረጡ ዓባይ ይገባሉ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራና ጓሳ ይበቅልበታል። ገብስና ድንችም ዓመት በዓመት ወደ ላይ እየወጡበት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን ኢኮ መንደር ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ደስታው ሳይበርድ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። ተራራ ሊወጣ የሚመጣ እንግዳም ቀረ። ወረቀት ላይ ያለ ዕቅድ ግን በተኩስ አይሞትም። ሰላም ሲሆን ካርታው ቀድሞ ይመጣል። ፓርክም ይባል የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ፣ የእግር ጉዞ መስመር ይሰመራል፣ የመግቢያ ዋጋ ይቆረጣል፣ ከዚያ «የሕዝብ ምክክር» ይጠራል። ችግሩ እዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

መንገድማ ድሮም አለ። ከረቡዕ ገበያ ሽቅብ የሚወጣውን የእግር መንገድ ያወጡት ገበያተኛ፣ አህያና እረኛ ናቸው። ቱሪዝም የሚጨምረው ምልክት፣ ትኬትና ጠባቂ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መንገድ ይውጣ አይውጣ አይደለም። በነባሩ መንገድ ላይ ማን ከፋይ፣ ማን ተቀባይ፣ ማን ተከልካይ ይሆናል ነው።

ስብሰባው እንዴት እንደሚሆን በገጠር ቀበሌ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ባለሙያው ከከተማ ይመጣል፣ ጽሑፉን ያነባል፣ «ጥያቄ ያለው?» ይላል። ሁለት ሦስት የለመዱ ሰዎች ይነሱና ያመሰግናሉ። ሴቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ሳይናገሩ ይበተናሉ፤ ለማገዶ አስታ የምትለቅመዋ ግን ከነሱ አንዷ ናት። ከዚያ የፊርማ ወረቀት ይዞራል። ፊርማው ለውሎ አበል ይሁን ለመገኘት የሚጠይቅ የለም። ወር ቆይቶ በሪፖርት ላይ «ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» የሚል ይነበባል። ከአንገት በላይ የተባለ እሺ ከአንጀት እንደወጣ ተቆጥሮ ፋይል ይገባል።

ጎጃሜ ስለ መሬት ሲነሳ ዝም የሚለው አላዋቂ ስለሆነ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ግብሩ መሬት ልኬትን፣ ልኬትም ርስት መነጠቅን ያመጣል ብሎ አመጸ። መንግሥት ጦር ላከበት፤ በመጨረሻ ግን ግብሩ ሳይሰበሰብ ቀረ፣ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ከቦታቸው ተነሱ። በ1989ኙ የመሬት ድልድል ደግሞ «ቢሮክራሲ»ና «ቅሪት ፊውዳል» የተባለው ሰው ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተደረገ። ያ ስም ለብዙዎች የወጣላቸው በስብሰባ ነው፤ ጎረቤት እየሰማ። ይህን ያየ አባት ለልጁ የሚመክረው አንድ ነው፦ ስለ መሬት በተጠራ ስብሰባ ላይ አፍህን ያዝ። እንዲህ ያለውን ዝምታ እንደ ፈቃድ መቁጠር ራስን ማታለል ነው።

ሰሜን ተራሮችን እንይ። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከመዝገቡ ከመውጣቱ በፊት የጊች መንደር ነዋሪዎች ተነስተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ካሳ አልተከፈለም ለማለት አይደለም፣ ዋልያም መኖሪያ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ተጓዥ ድንኳን የሚተክልበት ጊች፣ ገብስ ሲያበቅልበት የኖረው ሰው ተመልሶ የማይሰፍርበት ቦታ ሆኗል። «ጥበቃ» የሚለው ቃል ደጋ ላይ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው።

በአንጻሩ መንዝ ጓሳ አለ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሕዝቡ ራሱ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ራሱ ከፍቶ ያጭድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ኋላ በማኅበረሰብ ምክር ቤት መልክ ተመለሰ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ሊያይ የሚመጣ እንግዳ የሚያርፈው በማኅበረሰቡ ማረፊያ ነው። እዚያ ሕዝቡ አስተናጋጅም ዘጊም ነው። መዝጋት የማይችል ባለቤት ባለቤት አይባልም።

ይህ የኛ አገር አመል ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ የኡሉሩ አለት ለነባር ባለቤቶቹ ለአናንጉዎች የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው፤ እነሱም ለመንግሥት ለ99 ዓመት አከራይተው ፓርኩን በጋራ ያስተዳድራሉ። አለቱ ቅዱስ ስለሆነ አትውጡበት እያሉ ለዓመታት ለመኑ፤ ቱሪስቱ ግን ወጣ። በ2017 አናንጉዎች የሚበዙበት ቦርድ ወሰነ፣ በጥቅምት 2019 መውጣት ተከለከለ። «የጋራ አስተዳደር» ትርጉም ያገኘው «አይሆንም» የሚል ድምፅ ውሳኔ የሆነ ቀን ነው።

ለጮቄም ቢሆን ነገሩ ከባድ አይደለም። ካርታው ሳይሰመር ይምጡ። የመገኘት ፊርማና የስምምነት ፊርማ በሁለት ወረቀት ይሁኑ። ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። ሴቶች ለብቻቸው ይጠየቁ፤ ውሃው ታች ላለውም ስለሚደርስ ከተራራው ሥር ያሉት ወረዳዎች ብቻ ሳይሆኑ እንደ አምበር ያሉትም ይጠሩ። ስብሰባው ገብስ በሚታጨድበት ሰሞን አይሁን። በበዓል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ቢደረግ ብዙ ሰው ይገኛል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ የበዓል ቀን ጠፍቶ አያውቅም።