ዘመድ የሌለው ገዳይ

ያለቀን ታሪክ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚቀሰቅስ ፊልም ሠሪ ገንዘብ ፈልጎ ነው ተብሎ ይታማል። «ተርሚኔተር»ም ከዚህ ሐሜት አላመለጠም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1984፣ ሁለተኛው በ1991 ወጡ፤ ሁለቱንም ያዘጋጃቸው ጄምስ ካሜሮን ነበር። ከዚያም በሌሎች እጅ በ2003፣ በ2009 እና በ2015 ሦስት ተከታዮች መጡ። በ2019 የወጣው ስድስተኛው፣ «ዳርክ ፌት»፣ ሦስቱን እንዳልነበሩ ቆጥሮ ከሁለተኛው ቀጠለ። አርኖልድ ሽዋዚንገር በ72፣ ሊንዳ ሃሚልተን በ63 ዓመታቸው ወደ ቀድሞ ሚናቸው ተመለሱ። ፊልሙ ግን በገበያ ከሰረ፤ ብዙ ወዳጆቹም ተቀየሙት።

ቅያሜያቸው ይገባኛል። መርጡለ ማርያም ውስጥ፣ በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ሁለተኛውን ክፍል ያየን ልጆች፣ እንግሊዝኛው ባይገባንም፣ አርኖልድ ትንሹን ጆንን ካዳነ በኋላ ወደ ቀለጠው ብረት ሲወርድ አልቅሰናል። ጆን የእኛው እኩያ ነበር። «ዳርክ ፌት» ግን ገና ሲጀምር፣ አርኖልድን የመሰለ ሌላ ማሽን ያንኑ ልጅ በእናቱ በሳራ ዓይን ፊት ይገድለዋል።

የፊልሙ ቁም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ገዳዩ ማሽን ትእዛዙን ከፈጸመ በኋላ የሚያዘው ያጣል። ባሏ የሚያሠቃያትን ሴትና ልጇን ይጠጋል፤ መጋረጃ እየሠራ ያኖራቸዋል። ልጁን ሲያሳድግ፣ ከሳራ የነጠቃት ምን እንደ ነበረ ይገለጥለታል። ከዚያም ማንነቱን ሳይናገር፣ ሌሎች ገዳዮች የሚመጡበትን ቦታና ጊዜ እየጻፈ ይልክላታል።

ይህን ታሪክ አንድ ምሽት ለአያቴ ለእማሆይ ተረክሁላቸው። ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው፣ «ለመሆኑ የገዳዩ ዘመድ ማን ነው?» አሉኝ።

«ማሽን እኮ ነው፣ እማሆይ፤ ዘመድ የለውም።»

«ታዲያ ሽማግሌ ማንን ይዞ ይታረቅ?»

በእኛ አገር ደም የሚደርቀው በዘመድ ነው። ገዳይ ከአገር ይሸሻል፤ ወገኖቹ ግን ሽማግሌና ካህን ይዘው የሟችን ደጅ ይጠናሉ። አንዴ ይመለሳሉ፤ ደግመው ይሄዳሉ። ልብ ሲራራ ካሳ ይቆረጣል፤ ገዳዩም ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን ፊት ይወድቃል። የገዳይ ወገን ያፈረበት፣ የሟች ወገን የሚጠይቀው ሰው ከሌለ እርቅ የሚጀመርበት በር የለም።

የእማሆይ ጥያቄ ፊልሙን ገለጠልኝ። ማሽኑ መጸጸት የቻለው ዘመድ ካበጀ በኋላ ነው። ሚስት የምትለው፣ ልጅ የሚለው ባይኖር ኖሮ የሳራ ኀዘን ለእርሱ ቁጥር ሆኖ በቀረ። ይህን ደግሞ ቶሎ የመጣ ተከታይ ሊነግረን አይችልም ነበር፤ ልጅ እስኪያድግ፣ የእናትም ፊት በኀዘን እስኪጨማደድ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ሳራ «ይቅር ብዬሃለሁ» ስትል አንሰማትም። ያም ሆኖ ከልጇ ገዳይ ጎን ቆማ የሌላ ሰው ልጅ ታድናለች፤ እርሱም በመጨረሻ የጆንን ስም ጠርቶ ይጠፋል።

ውድ አንባቢ፣ ይህ የሩቅ አገር ተረት ብቻ ቢሆን በወደድሁ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ጦርነት ድሮን ሰላማዊ ሰዎችን መግደሉን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ዘግቧል። ከሰማይ ለወረደ ሞት ሽማግሌ የማንን ደጅ ያንኳኳል? ድንጋዩንስ ማን ይሸከማል? ማሽኑ ዘመድ የለውም፤ አዛዡ ግን እናት አለችው፤ ምናልባትም ልጅ ያሳድጋል። ደም የሚደርቅበት ቀን ከመጣ፣ የሚመጣው እርሱ በስሙ ተጠርቶ ከሟች ወገን ፊት ሲቆም ነው።