ከመተማ ማዶ፦ የገዳሪፍ ፀሐይና የወንድሜ ቁስል

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ መተማ የሚወርድ መንገደኛ ጭልጋን አልፎ ነጋዴ ባሕር ሲደርስ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል፤ ሸኽዲ ሲገባ ደግሞ ሸሚዙን ጭምር ሊያወልቅ ይቃጣዋል። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ከጦር ክፍሌ የዓመት ፈቃድ ጠይቄ በዚህ መንገድ የወረድሁት ለሽርሽር አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ በገዳሪፍ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ይኖር ነበር። እግሩን መታመሙን የሰማነው ግን ከእርሱ አንደበት ሳይሆን አብሮት ከሠራ ሰው ነው። ሸኽዲ የምትኖረው ባለቤቱ፣ እኛ እትዬ የምንላት፣ «አንተ ካልሄድህ ልጆቹን ለጎረቤት ሰጥቼ እኔው እሄዳለሁ» ብላ ላከችብኝ።

ስለ መተማ ታሪክ ለወታደር መተረክ ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የወደቁባት ሜዳ ናት፤ ከትንሿ ድልድይ ማዶ ያለችው ገላባትም እ.ኤ.አ. በኅዳር 1940 እንግሊዝና ጣሊያን የተዋጉባት ቦታ ናት። ይህን ማንሣቴ ድልድዩን በተሻገርሁ ጊዜ ያሰብሁት እርሱን ስለነበረ ብቻ ነው።

ከገላባት እስከ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መሬቱ ጠፍጣፋ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ጎማ የሚውጠው ጭቃ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት ይህ ሜዳ በትራክተር መታረስ የጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ላሰለፉት ሠራዊት ቀለብ ለማቅረብ ሲሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎና የትግራይ ወጣት ለአረምና ለአጨዳ ወደዚያ ሲወርድ ኖሯል። ወንድሜም ከእነዚያ አንዱ ነበር።

በከተማይቱ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው የሰዉ አለባበስ ነው። ወንዱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ሰፊ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ ራሱን በረጅም ጥምጥም ጠቅልሎ ይሄዳል። ሴቷም ቶብ የሚሉትን ልብስ ከራሷ እስከ እግሯ ትጎናጸፋለች። የእኛ ልጆች ግን በቁምጣና በከናቴራ ነበሩ። ሙቀት ሲበዛ ልብስ መቀነስ ለእኛ ለደገኞች የታየን ዘዴ ነው፤ በረኸኛው ግን ይጨምራል። በየዛፉ ሥርም ዚር የሚሉት የሸክላ ጋን ውኃ ሞልቶ ተቀምጧል፤ ማንም መንገደኛ ሳይጠይቅ ቀድቶ ይጠጣል። ገዳሪፍ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 14 ዲግሪ ግድም ላይ ናትና ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ ሁለተኛ አጋማሽና በነሐሴ የመጀመሪያ አጋማሽ፣ በቀትር አናት ላይ ቀጥ ትላለች። እኔ በደረስሁበት ሰሞን የመጋዘኑ አጥር ጥላ ከራሱ ሥር ገብቶ ጠፍቶ ነበር።

አያ ሊቀበለኝ ተነሣ፤ ቀኝ እግሩን ግን አላስረገጠም። የቅልጥሙን ጠባሳ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እኔ ሳልወለድ ምድጃ ውስጥ ወድቆ የተቃጠለው ነው። ያ ጠባሳ በማጭድና በሰሊጥ አገዳ ሲጫር፣ ሲደማና ሲያመረቅዝ ኖሮ፣ በመጨረሻ ሁለት ዓመት ሙሉ አልድን ብሎት ነበር። ጠርዙ ጠጥሮ ከፍ ብሏል፤ መካከሉ እንደ አበባ ጎመን ተከምሯል፤ ሲነኩት ይደማል። አንድ ክሊኒክ ስምንት ወር ሙሉ በቅባት ብቻ እያሰረ እንደሸኘው ሲነግረኝ ተናደድሁ፤ ዛሬም እናደዳለሁ።

በማግሥቱ ያየው ሱዳናዊ ሐኪም ጊዜ አላጠፋም። ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ቆርጦ ለምርመራ ወደ ካርቱም ላከ። ውጤቱ ሲመጣ የቆዳ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ይህ ዓይነቱ በጠባሳ ላይ የሚነሣ ካንሰር፣ እ.ኤ.አ. በ1828 ስለ እንደዚህ ያሉ ቁስሎች በጻፈው በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በማርዦለን ስም ይጠራል። ብዙውን ጊዜ ከቃጠሎው በኋላ አሥርት ዓመታት ቆይቶ ስለሚመጣ ሰው የልጅነቱን እሳት ረስቶት ይገኛል። ፀሐይዋ ይሆን ያመጣችበት ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ዋናው ጥፋት ሳይድን ደጋግሞ የተከፈተው ጠባሳ እንደሆነ ነገረኝ። ጥቁር ቆዳ በቀለሙ የተነሣ ከፀሐይ የሚጠብቀው የተፈጥሮ ጥላ አለው። ሆኖም ቀለሙ የለቀቀ ጠባሳ ያ ጥላ ስለሌለው መሸፈን ይገባዋል አለኝ። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት ያለ ቀለም የተወለዱ፣ አልቢኖ የምንላቸው ልጆች ናቸው። ለእነርሱ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ጌጥ ሳይሆን መድኃኒት ነው። ቆዳ ያነጣል እየተባለ በየገበያው የሚሸጠው ቅባት ደግሞ ተፈጥሮ የሰጠችውን ጥላ የሚገፍፍ ነው፤ እኅቶቼ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እሻለሁ።

እኔን ያስደነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ሙቀትና የሚያቃጥለው ጨረር አንድ አይደሉም። ጨረሩ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለሆነም በነፋሻው ተራራ ላይ ዘብ የቆመ ወታደር፣ ሰማዩ እኩል ከጠራ፣ ከገዳሪፉ አጫጅ የበለጠ ጨረር ይቀበላል፤ ስለማይሞቀው ብቻ አያውቀውም። መለኪያው ቀላል ነው፤ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ፀሐይዋ በርትታለች።

የከበደው ግን ሕክምናው አልነበረም። ከጎንደር የደወሉልኝ ዘመዶች ሁሉ «እንዳትነግረው፤ ሐሞቱ ይፈስሳል» አሉኝ። እኔም ሰማኋቸው፤ ጦር ሜዳ ያልፈራሁ ሰው ወንድሜን ፈራሁ። በአውቶቡስ ስንመለስ ስለ ዝናቡና ስለ ሰሊጥ ዋጋ ስቀባጥር ዋልሁ። ሸኽዲ ስንደርስ እትዬን ከጓሮ ጠርቼ ነገርኋት። አላለቀሰችም። «ለእኔ የነገርኸኝን ለእርሱ ሳትነግረው ቤቴ አትገባም» አለችኝ።

ስነግረው አያ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያም «የሠራተኛው ቤት ልጆች ኩባያዬን ለብቻ ያስቀመጡ ዕለት ነው ያወቅሁት። አንተ ስለ ሰሊጥ ዋጋ ምን ገዶህ?» አለኝ። ኩባያውን የለየው ስሙ ነው። ቋንቋችን የሳንባውንም በሽታ፣ ይህንንም ነቀርሳ ሲል በመኖሩ ብዙ ሰው ካንሰር በትንፋሽና በዕቃ የሚተላለፍ ይመስለዋል። ካንሰር ከሰው ወደ ሰው በኩባያ አይሄድም። እትዬ ቡናውን ቀዳች፤ ከእርሱ ሲኒ ተጎነጨችና መልሳ ሰጠችው። ልጆቹ ያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሥራ ያዘ። ማን በሬውን እንደሚሸጥ፣ ማን ሆስፒታል እንደሚያድር፣ ልጆቹ የት እንደሚሰነብቱ አያ ራሱ ተቀምጦ ደለደለ፤ ደብቀነው ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ያለ እርሱ እናበላሸው ነበር። ትልቋን ልጁን ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ በደብተር እንድትጽፍ አዘዛት፤ እኛ ጎልማሶቹ ከሐኪም ፊት ስንወጣ የምናስታውሰው ግማሹን ነበርና። በጎንደር እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። በሽታው ወደ ብሽሽቱ ንፍፊት አልተሻገረም ነበር። እትዬ ሌሊት ጎረቤት እንዳይሰማት ወደ ማድ ቤት ሄዳ ታለቅስ እንደነበር ያወቅሁት ከዓመት በኋላ ነው። አስታማሚን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» የሚል አይገኝም፤ እኔም አላልኋትም።

ወደ ጦር ክፍሌ ስመለስ ከስክሴን አውልቄ የውስጥ እግሬን በመስተዋት አየሁ። በጥቁር ሕዝብ ላይ ሜላኖማ የተባለው ክፉ የቆዳ ካንሰር የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ በማታገኘው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ የሞተው ቦብ ማርሌ በሽታው የጀመረው ከእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር። ወታደር ጥቁር ነጥብ ሲያይ ከስክሱ የቀጠቀጠው ደም ነው ብሎ ያልፋል። የተቀጠቀጠ ደም ከጥፍሩ ጋር እያደገ ይወጣል፤ ከቦታው የማይንቀሳቀስና የሚሰፋ ነጥብ ግን ለሐኪም ይታያል። አንድ ወር አልፎት ያልዳነ ቁስልም እንዲሁ ነው። ባለትዳሮች ይህን ለሚስቶቻችሁ ብትሰጡ ይሻላል፤ እነርሱ አይዘነጉም።

አያ ዛሬ በመተማ ትንሽ ሱቅ አለው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነቱ ሲነሣ ድልድዩን የሚሻገረው ሰው ወደ እኛ ሆነ። የካርቱም የካንሰር ሕክምና ተቋርጦ፣ በሽተኞቹ ወደ ገዳሪፍና ጨረር ፍለጋም ወደ ሩቁ መረዌ ሲበተኑ፣ ወደ መተማ የመጡም ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ትልቅ የራጅ ፖስታ በብብታቸው ይዘው ከሱቁ ደጃፍ ቆሙና በዓረብኛ የጎንደርን ሆስፒታል መንገድ ጠየቁት። አያ ክራንቹን ተመርኩዞ ተነሣ፣ አውቶቡስ መናኸሪያውን አሳያቸው፤ ከዛፉ ሥር ካስቀመጠው ጋንም ውኃ ቀዳላቸው። ጋኑን የገዛው ከሸኽዲ ገበያ ነው፤ ዚር እያለ ነው የሚጠራው።